ሂና ወይስ የሳጥን ቀለም? ስለ ተፈጥሮ የፀጉር ቀለም ደጋግማችሁ የምትጠይቁን

ስቴዲየም አካባቢ ያለች ትንሽ ፀጉር ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ሰው ካስክ ስር ሆኖ የሚጠይቀኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ስለሆነ እዚህ ሰብሰብ አድርጌዋለሁ። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፦ ሂና እወዳለሁ፣ በሳጥን የሚሸጠውን ኬሚካል ቀለምም እቀባለሁ። የምፈራው ሦስተኛውን ነው፤ ሂና ተብሎ የሚሸጠውን ኬሚካል።

የተፈጥሮ ቀለም የሚባለው ምን ምን ነው?

ፀጉር ላይ ይዞ የሚቀር የተክል ቀለም ብዙ አይደለም። ዋናዎቹ ሂናና ኢንዲጎ ናቸው።

ሂና ቆላ የሚወድ ቁጥቋጦ ነው። ቅጠሉ ደርቆ ይፈጫል። ውስጡ ላውሶን የሚባል ቀይ ብርቱካናማ ቀለም አለ። ፀጉራችን የተሠራው ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን ነው፤ ላውሶን ከዚህ ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል። በሻምፑ እሽት እሽት ብታደርጉት የማይለቀው ለዚህ ነው። ሐረርና ድሬዳዋ ያደገ ሰው ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል።

ኢንዲጎ ድሮ ጂንስ ይነከርበት የነበረውን ሰማያዊ ቀለም የሚሰጥ ተክል ነው። ሂና ላይ ሲደረብ ከቡናማ እስከ ጥቁር ይወስዳል።

እንሶስላስ የምትሉ አላችሁ። እንሶስላ ለእጅና ለእግር ያማረ ነው። ሥሩ ተወቅጦ፣ መዳፍ ላይ ታስሮ ያድራል። ግን አንድ ሙሉ ጭንቅላት የሚያዳርስ ሥር ማን ይወቅጣል?

ኬሚካል ቀለም ያን ያህል መጥፎ ነው?

ሰው እንደሚያስፈራራው አይደለም፤ ሻጩ እንደሚለው ደግሞ ምንም ጉዳት የሌለው አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አሞኒያው የፀጉሩን የላይኛ ሽፋን ያላላል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይዱ የፀጉሩን የራሱን ቀለም ያነሳል። ከዚያ ትንንሽ የቀለም ቅንጣቶች ገብተው ውስጥ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ይተልቃሉ፣ መውጣት ያቅታቸዋል። በጥቁርና በጥቁር ቡናማ ቀለሞች ውስጥ ይህን ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ፓራ ፌኒሌንዳያሚን፣ ባጭሩ ፒፒዲ ነው። አለርጂ የሚያመጣውም እሱ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ተበጥብጦ ፀጉር ላይ ሲደርስ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቦታል።

ካንሰርን በተመለከተ ብዙ ይወራል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ግምገማ ፀጉር ሠሪነትን በሥራ ላይ ካለው ተጋላጭነት የተነሳ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ተብሎ በሚገመት ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ለራሱ ፀጉር ለሚቀባ ሰው ግን ማስረጃው ወዲህም ወዲያም ለመፈረጅ አይበቃም ነው ያለው። ስለዚህ በዓመት ጥቂት ጊዜ ከምትቀባ ደንበኛ ይልቅ እኔን የምታሳስበኝ ጓንት ሳታደርግ ከጠዋት እስከ ማታ የምትቀባዋ ልጅ ናት። መስኮት የማይከፈትበት ክፍል ውስጥ ከሆነማ ይብሳል።

ከጤናው ይልቅ ብዙ ሰው የሚያማርረው በፀጉሩ መድረቅ ነው። ቀለም፣ ቀጥሎ ሪላክሰር፣ በላዩ ላይ ፒያስትራ ሲደራረብ ጫፉ ይሰነጠቃል፣ ይበጠሳል። ጥፋቱን ሁሉ ቀለሙ ላይ መጣል ግን አይገባም።

ጥቁር ሂና አለ?

የለም። ይህን ደግሜ እጽፈዋለሁ፦ ጥቁር የሆነ ሂና የለም።

ንጹህ ሂና አረንጓዴ ወይም ወደ ካኪ የሚያደላ ዱቄት ነው፤ የሚሰጠው ቀለም ቀይ ብርቱካናማ ነው። በሰዓታት እንጂ በደቂቃዎች አይሠራም። «ብላክ ሄና» ተብሎ በትንሽ ከረጢት የሚሸጠው፣ በውሃ ተበጥብጦ በግማሽ ሰዓት ከሰል የሚያስመስለው ዱቄት የሚያጠቁረው በፒፒዲ ነው። ሂና ቢኖርበትም ለስሙ ያህል ነው። ከሳጥን ቀለም የሚብሰው ደግሞ መጠኑ አለመታወቁ ነው። ሳጥኑ ቢያንስ መመሪያ አለው፣ ጓንት አለው፣ በቅድሚያ ቆዳችሁ ላይ ሞክሩት ይላል። ከረጢቷ ላይ ግን የቅጠል ሥዕል ብቻ ታገኛላችሁ።

ሠርግ ሲደርስ ወይም ለኢድ እጅ ላይ በጥቁሩ የሚሳለውም ያው ነው። አንዳንዱ ሰው ሲሳል ምንም አይሰማውም፤ ከቀናት በኋላ ሥዕሉ በተሳለበት ቅርጽ ቆዳው ያብጣል፣ ውሃ ይቋጥራል። ይኼ ሰውነት አንዴ ፒፒዲን ጠላት ብሎ ከመዘገበው አይረሳም። ከዓመታት በኋላ ሽበት መጥቶ መደበኛ ቀለም ሲቀባ ፊቱ የሚያብጠው ለዚህ ነው። ልጆች ላይ በጥቁሩ እንዳታስሉ። በቀዩ ተሳሉ፣ እሱም ያምራል።

ሳጥኑ ላይ «ኦርጋኒክ»፣ «አሞኒያ የለውም» ይላል። ልመነው?

ጀርባውን አንብቡ። ፊት ለፊት የሚጻፈው ማስታወቂያ ነው።

አሞኒያ የሌለው ማለት ብዙውን ጊዜ በቦታው ኤታኖላሚን ገብቷል ማለት ነው። ሽታው ይቀንሳል፣ ሥራው ግን ያው ነው። «ፒፒዲ የለውም» የሚለው ደግሞ ታላቅ ወንድሙን አውጥቶ ታናሹን፣ ቶሉይን ዳያሚንን፣ ያስገባ ሊሆን ይችላል። ለፒፒዲ አለርጂ የሆነ ሰው ለዚህኛውም ብዙ ጊዜ አለርጂ ነው።

«ኦርጋኒክ» የሚለውን በተመለከተ፣ አንድ ክሬም ውስጥ ያለው የሬት ጭማቂ ኦርጋኒክ ሊሆን ይችላል። ቀለም የሚሰጠው ግን ሬቱ አይደለም። ንጹህ የሂና ዱቄት ከሆነ የይዘቱ ዝርዝር አንድ ስም ብቻ ነው የሚኖረው፦ ላውሶኒያ ኢነርሚስ። ኢንዲጎ ከሆነ ኢንዲጎፌራ ቲንክቶሪያ። ዝርዝሩ አሥር መስመር ከሆነ፣ ወይም ጭራሽ ከሌለ፣ ወደ መደርደሪያው መልሱት።

ሽበቴን ይሸፍናል? ብርቱካን መስዬ ቢሮ መግባት አልፈልግም።

ይሸፍናል፤ ግን በአንድ ዙር ሂና ብቻ ከሆነ የፈራሽው ይደርስብሻል። ሂና ቀለም ያስገባል እንጂ ያለውን አያነሳም። ጥቁር ፀጉር ላይ ፀሐይ ሲመታው ብቻ የሚታይ ቀይ ይሰጣል። ነጭ ፀጉር ላይ ደግሞ ራሱን ችሎ ደማቅ ብርቱካን ይሆናል። መርካቶ አንዋር መስጊድ ደጃፍ ጺማቸው እንደ እሳት የቀላ አባቶች አይታችሁ ይሆናል። እሱ ነው ንጹህ ሂና ሽበት ላይ።

ጥቁር የሚፈልግ ሁለት ዙር ይሠራል። መጀመሪያ ሂና፣ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት። ታጥቦ ሲያልቅ ኢንዲጎ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት። ቡናማ የሚበቃው ሰው ሁለቱን ደባልቆ በአንድ ዙር መጨረስ ይችላል፤ ሽበቱ ከበዛ ግን ሁለቱ ዙር የተሻለ ይይዛል።

ኢንዲጎ ባህሪው ከሂና ጋር ተቃራኒ ነው። ሎሚ አይነካውም። ሞቅ ባለ ውሃ ተበጥብጦ፣ ቁንጥር ጨው ተጨምሮበት፣ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ወዲያው ይቀባል። ካደረ ሞተ ማለት ነው። የመጀመሪያ ቀን ወደ አረንጓዴ ቢያዘነብል አትደንግጡ፤ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል። ሂናም ሁለት ቀን ገደማ ፈጅቶ ነው የሚረጋው፤ ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ላለው ሰው ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ማለዳ ይሻለዋል።

ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ሥሩ ላይ የሚወጣውን ሽበት ብቻ እየተከታተሉ መቀባት ይበቃል። በየጊዜው ሙሉውን ስትቀቡ ጫፉ እየጠቆረ፣ እየከበደ ይሄዳል።

ቀለል ያለ ቀለም፣ ብላውንድ ነገር፣ በተፈጥሮ ይሆናል?

አይሆንም። ሎሚና ካሞሚል የምትሉት እኛ ፀጉር ላይ ውጤቱ ኢምንት ነው። ፀጉራችሁ እንዲነጣ ከፈለጋችሁ ፐርኦክሳይድ የግድ ነው፤ ያን ጊዜ ባለሙያ ፈልጉ።

ቡና፣ ቀይ ሥር፣ ከርከዴ፣ እርድ?

ፎጣ ያበላሻሉ። ፀጉር ላይ አንድ ሁለት እጥበት ቢቆዩ ነው። ጠቆር ያለ ቡና ለአንድ ቀን ሽበትን ደብዘዝ ያደርጋል፣ ከዚያ ትራስ ላይ ታገኙታላችሁ። ጥቁር አዝሙድ ቅባት ሽበት ይመልሳል የሚባለውም ቀለም ያጣን ፀጉር አይመልስም። ለቅባትነቱ ብትወዱት መብታችሁ ነው።

ንጹህ ሂና የት ይገኛል? በምን ይታወቃል?

መርካቶ ውስጥ ሽቶ፣ ዕጣንና ሂጃብ የሚሸጡ ሱቆች ዘንድ ትጠይቃላችሁ። ከኮሪደር ልማቱ በኋላ የፒያሳና የካዛንቺስ ሱቆችና ፀጉር ቤቶች ብዙዎቹ ስለተነሡ «እዚያች ጥግ ያለችው» የሚለው አድራሻ አሁን አይሠራም፤ ደውላችሁ ሂዱ። ዋጋ አልጽፍም፣ እስክታነቡት ይቀየራል።

እቤት መፈተኛው ቀላል ነው። ዱቄቱን አሽትቱት፤ ንጹህ ሂና የደረቀ ሣር ይሸታል። የኬሚካል ወይም የሽቶ ሽታ ካለው ተውት። በጣት ስታሹት ደቃቅ መሆን አለበት፤ አሸዋ ካለበት ፀጉር ውስጥ ገብቶ አይወጣም። ጥቂቱን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣሉ። ውሃው ወዲያው ደማቅ አረንጓዴ ከሆነ እንዲያምር ተብሎ ቀለም ተጨምሮበታል። ከዚያ ትንሽ በጥብጣችሁ ነጭ ሶፍት ላይ አድርጉት። ከሰዓታት በኋላ ዙሪያው ብርቱካናማ ካልፈሰሰ ወይ አርጅቷል ወይ ሂና አይደለም። ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ ዱቄት ከሆነ ፈተናም አያስፈልገውም።

እንዴት ነው የሚበጠበጠው? ኢንተርኔት ላይ እንዳየሁት አድርጌው አልያዘልኝም።

ኢንተርኔት ላይ የሚያሳዩአችሁ ሰዎች አብዛኞቹ ሙቀት አገር ናቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት። ክረምት ላይ ወጥ ቤት ውስጥ ያደረ ሂና ቀለሙን ሳይለቅ ይነጋል። «አልያዘልኝም» ከሚሉኝ ብዙዎቹ ነገሩ ይኸው ነው።

የፕላስቲክ ወይም የብርጭቆ ሳህን ውስጥ አድርጉት። ትከሻ ለሚደርስ ፀጉር ከ100 እስከ 200 ግራም ይበቃል። በሎሚና ሞቅ ባለ ውሃ በጥብጡት፤ የፈላ ውሃ አይሁን። ሎሚ ጭንቅላታችሁን የሚያሳክካችሁ ከሆነ በከርከዴ ሻይ ተኩት። ወፍራም እርጎ ሲመስል ይበቃል። ፊቱን በፕላስቲክ ሸፍናችሁ በብርድ ልብስ ጠቅልሉት ወይም ሞቅ ያለ ቦታ አኑሩት። ሞቅ ባለ ቤት ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት፤ በብርድ ከዚያም በላይ። መድረሱን የምታውቁት ላዩ ቡናማ ሆኖ ማንኪያ ስታስገቡበት ውስጡ ገና አረንጓዴ ሲሆን ነው።

ስትቀቡ ጓንት አድርጉ፤ ግንባርና ጆሮ ዙሪያ ቫዝሊን ቀቡ። ጭንቅላታችሁን በፌስታል ሸፍናችሁ በላዩ ሻሽ እሰሩ። ሊጡ ቀዝቃዛ ነው፣ ጭንቅላት ይበርዳል። እሑድ ረፋድ ላይ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቁ መቀባት ደስ ይላል።

አሁን ትልቁ ነገር፦ ውሃ። ሂና ሲታጠብ ጭቃ ነው። አንድ ጆግ ይዛችሁ የምትወጡት ነገር አይደለም። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ የሚመጣበትን ቀን ጠብቁ፣ ወይም በርሜሉ መሙላቱን አረጋግጡ። ፌስታል አሥራችሁ ጎረቤት ውሃ እንዳትለምኑ። መጀመሪያ ባልዲ ውስጥ ጭንቅላታችሁን ነክራችሁ ብዙውን አራግፉት፣ ቀጥሎ ኮንዲሽነር አድርጉበት፣ ይለቃል። ሻምፑ ለሁለት ቀን አይንካው።

ቅቤ እቀባለሁ። ሪላክሰርም አለኝ። ችግር አለው?

ቅቤ ካለ ሂናው ፀጉሩን አያገኘውም፤ ቀድማችሁ በሻምፑ በደንብ ታጠቡ። ለጋ ቅቤና አደስ ከቀለሙ በኋላ፣ ሂናው ከረጋ ወዲያ፣ ይምጣ። እንዲያውም ሂና የሚያደርቃቸው ሰዎች ስላሉ ያስፈልጋል።

ሪላክሰር ከሠራችሁ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ጠብቁ። ሂና ፀጉሩን ስለሚሸፍነው ከእሱ በኋላ የሚሠራ ሪላክሰር እኩል ላይይዝ ይችላል። ሠሪዋ ስትጠይቃችሁ አትደብቁ።

ከሂና በኋላ ወደ ሳጥን ቀለም መመለስ እችላለሁ?

ንጹህ ከሆነ ትችላላችሁ። ንጹህ ካልሆነ ግን አደጋ አለው። አንዳንድ «ሂና» ተብዬ ዱቄትና ሽበትን ቀስ በቀስ ያጠቁራል የሚባል ፈሳሽ ውስጥ የብረታ ብረት ጨው ይገባል፤ የእርሳስም፣ የብርም። ይህ ከፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ይግላል፣ ይጨሳል፣ ፀጉሩ ይቀልጣል።

ስለዚህ የማላውቀው ዱቄት የተቀባ ሰው ሲመጣ ከማበጠሪያው ላይ ጥቂት ፀጉር እወስዳለሁ። ብርጭቆ ውስጥ ፐርኦክሳይድና ጥቂት ጠብታ አሞኒያ አድርጌ እነክረዋለሁ፣ ግማሽ ሰዓት አየዋለሁ። ብርጭቆው ከሞቀ ወይም አረፋ ካወጣ «ይቅርታ፣ ዛሬ አልሠራም» ነው መልሴ። ደንበኛ ይቆጣል። ይቆጣ።

እርጉዝ ነኝ። ልጆችስ?

ኬሚካል ቀለም በቆዳ አልፎ ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ብዙ ሐኪሞች የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ይለፉ ይላሉ። ንጹህ ሂና የተሻለ አማራጭ ነው። ክትትል የምታደርጊበትን ሐኪም ጠይቂ፣ በተለይ የደም ማነስ ካለብሽ።

ለጨቅላ ሕፃን ግን ሂና ራሱ አይሁን። ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም እጥረት ያለባቸው ልጆች ላይ ቀይ የደም ሕዋስን ያፈርሳል። ልጁ ያለበት መሆኑን ደግሞ ሳይመረመር ማንም አያውቅም።

አለርጂ እንዳለብኝ በምን አውቃለሁ? ካበጠብኝስ?

ከመቀባታችሁ 48 ሰዓት በፊት ከጆሮ ጀርባ ወይም ክንድ መታጠፊያ ላይ ጥቂት ቀብታችሁ ጠብቁ። ለሂናም ለሳጥኑም። ሂና ራሱ አለርጂ የሚያመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ የተቀላቀለበትን ግን አታውቁም። «ከዚህ በፊት ተቀብቼ ምንም አልሆንኩም» ዋስትና አይሆንም፤ አለርጂ የሚመጣው እየተደጋገመ ሲሄድ ነው።

ማሳከክና መቅላት ከጀመረ ወዲያውኑ በብዙ ውሃ አጥቡ። የዓይን ሽፋን ካበጠ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው። ትንፋሽ ካጠረ፣ ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ ግን ቅርብ ያለው ድንገተኛ ክፍል፣ ያውም አሁኑኑ። የቀለሙን ሳጥን ወይም ከረጢት ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ ይፈልገዋል።

ፀጉር ቤት ሂና ይሠራል?

ሁሉም አይሠራም፤ ወንበር ለግማሽ ቀን ይይዛል፣ የፀጉር ማጠቢያውን ያበላሻል። እኛ ጋ በሳምንት መካከል፣ ሰው ቀለል ሲል፣ ቀጠሮ ይዛችሁ ነው። ዱቄቱን ራሳችሁ ገዝታችሁ ብታመጡ ደስ ይለኛል፤ ከነከረጢቱ ይምጣ እንጂ በላስቲክ ተጠቅልሎ አይደለም። በጥብጣችሁ ያሳደራችሁትን ብታመጡ ደግሞ ሌሊቱን አተረፋችሁልኝ።

ለወንድ ጺምስ?

ይሆናል፣ ያውም ቶሎ። ጺም አጭር ስለሆነ 20 ግራም ያህል ይበቃል። የጺም ቆዳ ስሱ ስለሆነ ፒፒዲ ያለበት ቀለም መጀመሪያ የሚያስቸግረው እዚያ ነው፤ ፂሙን በየሳምንቱ በከረጢት ጥቁር የሚቀባ ወንድ ካወቃችሁ ይህን ገጽ ላኩለት። ሂናና ኢንዲጎ ደባልቆ አንድ ሰዓት ተኩል ቢያቆይ ቡናማ ያወጣል። ቀይ ከወደደ ሂናው ብቻ ይበቃዋል። አንሶላው ግን ጥቁር ይሁን።